ዓሣው የሚመርጠው የትኛውን ውኃ ነው?

በጋሸና፣ በላሊበላ፣ በቆን፣ በላስታና በዋድላ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ዓሣ ነው። የወንዝ ዓሣ ከወንዙ ውስጥ የትኛውን ቦታ እንደሚመርጥ፣ ሰዎችም ይህን ምርጫ በኮምፒውተር ስሌት አስቀድመው ለማወቅ እንዴት እንደሚሞክሩ አብረን እናያለን።

«ጋሸና ላይ ደግሞ ምን ዓሣ አለ?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ከተማዋ የደጋ ከተማ ናት፤ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ በገበያዋ ገብስና ባቄላ እንጂ ዓሣ አይታሰብም። እስቲ ግን የቆማችሁበትን መሬት ልብ በሉ። ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው የቻይና መንገድ እናንተ ዘንድ ሲደርስ የሚሄደው ውኃውን ለሁለት በሚከፍለው ሸንተረር ላይ ነው። ከመንገዱ በስተሰሜን የወረደው ዝናብ ወደ ተከዜ ይሄዳል። በስተደቡብ የወረደው ደግሞ በበሽሎ በኩል ዓባይን ይቀላቀላል። ሁለቱ ጎርፎች ከአንድ ሰማይ ወርደው ጋሸና ላይ ተለያይተው፣ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ሱዳን ውስጥ አትባራ ላይ እንደገና ይገናኛሉ።

ተከዜ የሚነሣው ከዚሁ ከላስታ ተራሮች ነው። ወደ ታች ሲወርድ እየሰፋ፣ እየሞቀ፣ ዓሣው እየበዛ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብ ቁመቱ 188 ሜትር ነው። ከግድቡ ኋላ በተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር፣ ዋግ ኽምራ ውስጥ፣ ድሮ እርሻና ከብት ብቻ ያውቁ የነበሩ ሰዎች ዛሬ መረብ ይጥላሉ። የሚይዙት ዓሣ የሚኖርበት ውኃ ከፊሉ ከእናንተ ተራራ የወረደ ነው። ስለዚህ የዓሣ ነገር የደጋውንም ሰው ይመለከታል የምለው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ለመግባት ግን መንገዱን ወደ ምዕራብ እንከተል። ነፋስ መውጫን አልፈን፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ጋ እንደርሳለን። ከጉና ብዙ ወንዞች ይነሣሉ፤ ከነሱ መካከል ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር የተጓዘ ሰው የጉማራን ድልድይ ያውቀዋል። በኢትዮጵያ ውስጥ ዓሣ ወንዝን እንዴት እንደሚመርጥ ለማጥናት ከጉማራ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በጣና ውስጥ አስጋሪዎች በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚሏቸው፣ ተመራማሪዎች ደግሞ ላቤኦባርበስ ብለው የሚጠሯቸው ዓሦች አሉ። የሆላንዱ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አስጋሪዎቹ ያመጧቸውን ዓሦች አንድ በአንድ መርምረው፣ አንድ ዓይነት ይመስል የነበረው ዓሣ ከ12 የሚበልጡ ዝርያዎች ስብስብ መሆኑን አሳዩ። አንዱ አፉ ሰፊ ነው፤ ሌሎች ዓሦችን ይውጣል። ሌላው ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ ከድንጋይ ሥር ትላትል ይፈልጋል። ሌላው በሐይቁ መሐል እየዋኘ ጥቃቅን ነፍሳትን ይለቅማል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቤት የላቸውም። ሐይቁ ከ15,000 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ደርቆ እንደነበር ከደለሉ ጥናት ታውቋል፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴም ከታች የሚመጣውን ዓሣ አያስወጣም። በዚህ የተዘጋ ቤት ውስጥ ነው እንዲህ ያለው ልዩነት የተፈጠረው። በፊሊፒንስ ላናኦ የሚባል ሐይቅ ተመሳሳይ የዓሣ ቤተሰብ ነበረው። ያ ስብስብ በሰው እጅ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ የዚህ ዓይነቱ የትልልቅ ዓሦች ስብስብ የቀረው የኛው የጣናው ነው። ይህን ስናገር በኩራትም በስጋትም ነው።

ስጋቱ የሚጀምረው ክረምት ላይ ነው። ከነዚህ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ከሐምሌ ጀምሮ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ነሐሴና መስከረም ዋናዎቹ ወራት ናቸው። መጀመሪያ በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚያ ዋናውን ድፍርስ ወንዝ ይዘው ወደ ላይ ይዋኛሉ፤ ውኃው ሲጎድል ወደ ትንንሾቹ ገባሮች ይገባሉ። በጉማራ በኩል ዱካሊትና ቂዘን የሚባሉት ገባሮች በዚህ ይታወቃሉ። ጥልቀቱ ትንሽ፣ ፍሰቱ ፈጠን ያለ፣ ውኃው የጠራ፣ ከሥሩ ንጹሕ ጠጠር ያለበትን ቦታ ሲያገኙ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ በጠጠሮቹ መካከል ይቀራል፤ በጠጠሩ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ አየር ያቀብለዋል። ጭቃ ከሸፈነው ታፍኖ ይሞታል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ጉማራ ረጅም ነው፤ ገባሮቹም ብዙ ናቸው። ከነሱ ውስጥ ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት የትኛው ክፍል ነው? በመስኖ ፓምፕ ውኃው ቢቀነስ፣ ወይም ከላይ ግድብ ቢሠራ፣ ከዚያ ቦታ ምን ያህሉ ይቀራል? እያንዳንዱን ሜትር ወንዝ በየዓመቱ በእግር ማሰስ አይቻልም። ኮምፒውተሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

በዚህ መንገድ መሥራት የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በምዕራባዊ አሜሪካ ወንዞች ላይ ግድብና መስኖ በበዛበት ጊዜ፣ የአገሪቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ኮሎራዶ ውስጥ ሆነው አንድ ስልት አወጡ። ክርክሩ ቀላል ነበር። ገበሬው ውኃ ይፈልጋል፤ የኤሌክትሪክ ኩባንያው ውኃ ይፈልጋል፤ ሁለቱም የሚፈልጉትን መጠን በቁጥር ያቀርባሉ። ዓሣው ግን ቁጥር አቅርቦ የሚከራከርለት አልነበረም። ስለዚህ ለዓሣውም ቁጥር አዘጋጁለት።

አሠራሩን በምሳሌ ላስረዳ። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ ያህል እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። ወንዙን በትንንሽ ክፍሎች እንከፍለዋለን። ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ነገሮችን እንለካለን፤ ጥልቀቱን፣ የውኃውን ፍጥነትና ከሥሩ ያለውን ነገር። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 1 ነጥብ እንሰጣለን። 1 ማለት ዓሣው በጣም የሚወደው፣ 0 ማለት ፈጽሞ የማይቀርበው ነው። ነጥቡን ከራሳችን አናመጣውም፤ ዓሣው በእርግጥ እንቁላል ሲጥል ከታየባቸው ቦታዎች ልኬት ነው የሚወጣው። እንበልና አንድ ክፍል ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር ነው። ለጥልቀቱ 0.8 አገኘ። ለፍጥነቱ 1 አገኘ። ከሥሩ ያለው ንጹሕ ጠጠር ስለሆነ ለሱም 1 አገኘ። ሦስቱን ስናባዛ 0.8 ይሆናል። 20 ካሬ ሜትሩን በ0.8 ስናባዛ ደግሞ 16 ካሬ ሜትር እናገኛለን። ለዓሣው የሚጠቅመው ቦታ 16 ካሬ ሜትር ነው ማለት ነው።

አሁን ያው ቦታ፣ ያው ጥልቀት፣ ያው ፍጥነት ይሁንና ከላይ ከእርሻ የታጠበ አፈር ጠጠሩን ይሸፍነው። የጠጠሩ ነጥብ ከ1 ወደ 0.1 ወረደ እንበል። ብዜቱ 0.08 ይሆናል። ከ20 ካሬ ሜትሩ ለዓሣው የሚቀረው 1.6 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ከወንዙ አንድ ጣሳ ውኃ አልተቀዳም፤ ድልድይ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ምንም የተለወጠ ነገር አያይም። ዓሣው ግን ከአሥር እጅ ዘጠኙን አጥቷል። ይህን ስሌት ደጋግሜ የማስተምረው እውነተኛውን የጉዳት መንገድ ስለሚያሳይ ነው። በደጋው የጠፋ አፈር ቆላ ላይ የዓሣ ረሃብ የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን ለአንድ ክፍል ሳይሆን በሺህ ለሚቆጠሩ ክፍሎች ይሠራል። ከዚያም የውኃውን መጠን እየቀያየረ ይደጋግመዋል። ወንዙ ሲሞላ፣ ሲጋመስ፣ ሲጎድል ለዓሣው የሚመች ቦታ ስንት እንደሆነ በግራፍ ይሰጣል። ግድብ ለሚሠራ መሐንዲስ ይህ ግራፍ ብዙ ነገር ይነግረዋል። ከተወሰነ መጠን በታች ውኃ ሲለቀቅ ቦታው በድንገት የሚወድቅበት ነጥብ ካለ፣ ያ ነጥብ ከመጣሱ በፊት ይታያል።

የዚህ ስሌት አንድ ድክመት ልኬቶቹ በምድብ ሲከፈሉ ድንበሩ የተቆረጠ መሆኑ ነው። ውኃው 49 ሴንቲ ሜትር ሲሆን «ጥልቀት የሌለው»፣ 51 ሲሆን «መካከለኛ» የሚል ድንበር ብናስቀምጥ፣ ዓሣው ሁለት ሴንቲ ሜትርን እንዲህ ለይቶ አይቆጥርም። ወንዝ ዳር ያደገ ሰውም እንዲህ አይናገርም። «ቁርጭምጭሚት ይደርሳል»፣ «ከጉልበት ከፍ ይላል»፣ «ወገብ ይይዛል» ይላል እንጂ። በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት፣ ባኩ የተወለዱት ሎትፊ ዛዴህ እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚህ ዓይነቱ አነጋገር ሒሳብ አበጁለት። በሳቸው ስሌት አንድ ውኃ በከፊል «ጥልቀት የሌለው»፣ በከፊል ደግሞ «መካከለኛ» ሊሆን ይችላል፤ ለምሳሌ 0.3 በአንዱ፣ 0.7 በሌላው። ከዚያ «ጥልቀቱ መካከለኛ፣ ፍጥነቱ መካከለኛ፣ ሥሩ ጠጠር ከሆነ ቦታው ጥሩ ነው» የሚል በሰው ቋንቋ የተጻፈ ሕግ ለኮምፒውተሩ ይሰጠዋል። ቤልጅየምና ጃፓን ውስጥ የትንንሽ ወንዞችን ዓሦች ያጠኑ ሰዎች በዚህ ስልት ብዙ ሠርተዋል። ለኛ አገር ይህ ስልት ልዩ ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ። የፎገራ አስጋሪ የሚያውቀውን ነገር በሴንቲ ሜትር አይነግራችሁ ይሆናል፤ በሕግ መልክ ግን በትክክል ይነግራችኋል። «ውኃው ሲደፈርስ በዳር በኩል ይወጣል፤ ሲጠራ ወደ ጠጠሩ ይገባል» ካለ፣ ያ ዓረፍተ ነገር በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ሊገባ ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ሕግ የሚሰጠው ሰው አያስፈልገውም፤ ሕጉን ራሱ ከመረጃው ያወጣል። በዚያው በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ መምህር የነበሩት ሊዮ ብሬይማን እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ስልት ነው። ኮምፒውተሩ ዓሣ የተገኘባቸውንና ያልተገኘባቸውን ቦታዎች ዝርዝር ይወስዳል። ከዝርዝሩ በዕጣ የተወሰነውን እየመረጠ አንድ የጥያቄ ዛፍ ይሠራል። «ፍጥነቱ ከዚህ ይበልጣል? ከበለጠ ጠጠር አለ? ካለ ውኃው ስንት ዲግሪ ይሞቃል?» እያለ ወደ መልስ ይወርዳል። ከዚያ በሌላ ዕጣ ሌላ ዛፍ ይሠራል፤ መቶዎችን ይሠራል። አዲስ ቦታ ሲሰጠው ሁሉም ዛፎች «ዓሣ አለ» ወይም «የለም» ብለው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ብዙኃኑ ያለው ይጸናል። በአገራችን ሽማግሌዎች ለአንድ ጉዳይ ሲቀመጡ እያንዳንዳቸው ከነገሩ የሰሙት ወገን የተለያየ ነው፤ አንዱ ብቻውን ሊሳሳት ይችላል፤ ተሰብስበው የደረሱበት ግን ይበልጥ ይታመናል። የዛፎቹም ነገር እንዲሁ ነው።

በኢትዮጵያም ይህ ዓይነቱ ሥራ ተሞክሯል። ተመራማሪው አርጋው አምበሉና የቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው በጅማ አካባቢ በግልገል ጊቤ ተፋሰስ ወንዞች ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ የውኃ ነፍሳት የት እንደሚገኙ በኮምፒውተር ለመተንበይ የተለያዩ ስልቶችን አወዳድረው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። እነዚህ ነፍሳት የብዙ ዓሦች ምግብ ናቸው፤ የውኃውንም ጤንነት ይናገራሉ። በጣና ገባሮች ላይ ደግሞ አበበ ጌታሁን፣ እሸቴ ደጀንና ዋሴ አንተነህን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ዓሦቹ በየትኛው ወንዝ፣ በየትኛው ወር እንደሚወጡ ለዓመታት መረብ እየጣሉ መዝግበዋል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ገደማ ጀምሮ የኢትዮ-ሩሲያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጉዞ አባላትም ከጣና እስከ ገናሌ ባሉ ወንዞች ዓሣ ሰብስበዋል። ኮምፒውተሩ የሚበላው ይህን ነው። በክረምት ጎርፍ፣ በወባ ወራት፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የተመዘገበ ቁጥር ከሌለ ሞዴል የሚባል ነገር የለም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል እንሂድ። ሞዴሉ የሠራው ሥራ ትክክል መሆኑን በምን እናውቃለን?

የተለመደው መንገድ ከመረጃው ከፊሉን መደበቅ ነው። መቶ ቦታ ላይ ለክተን ከሆነ ሰባውን ለኮምፒውተሩ እንሰጠዋለን፤ ሠላሳውን እንይዛለን። በሰባው ተምሮ ሲጨርስ ሠላሳውን እንጠይቀዋለን። ያላየውን ቦታ በትክክል ከገመተ ተምሯል፤ ካልገመተ ሰባውን በቃሉ ሸምድዷል ማለት ነው። ይህ ፈተና ግድ ነው። ነገር ግን ፈተናውን ያለፈ ሞዴልም ሊያሳስት ይችላል፤ ይህን ነው ዛሬ በተለይ ልነግራችሁ የፈለግኩት።

ኮምፒውተሩ ዓሣው ምን እንደሚወድ አያውቅም። የሚያውቀው ዓሣው የት እንደተገኘ ነው። ሁለቱ አንድ የሚሆኑት ዓሣው በነጻነት ሲመርጥ ብቻ ነው። ጣና ላይ የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባና በዘመናዊ መረብ የሚሠራ ዓሣ ማስገር ተጀመረ። ዓሦቹ ክረምት ላይ በወንዝ አፍ መሰብሰባቸውን አስጋሪው ያውቃል፤ መረቡም እዚያው ይዘረጋል። እንቁላል የተሸከመችው ዓሣ ወንዝ ሳትገባ ትያዛለች። ተመራማሪው ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1993 የተያዘውን ከ1999 እስከ 2001 ከተያዘው ጋር ሲያወዳድሩ፣ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በ75 በመቶ፣ ገና ያላደጉት ደግሞ በ90 በመቶ ቀንሰው አገኙ። ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ማለት ነው። በወንዞቹ ውስጥም የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውኃው ላይ መበተን አለ። ብርብራው ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ ያፍነዋል፤ ወንዙን ተከትሎ ጫጩቱን ሁሉ ይገድላል።

ከዚህ በኋላ አንድ ተመራማሪ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ቢለካና ምርጥ ጠጠር ያለበት ገባር ላይ ዓሣ ቢያጣ፣ ኮምፒውተሩ የሚማረው «እንዲህ ያለውን ቦታ ዓሣው አይወድም» የሚል ነው። ዓሣው ግን ቦታውን አልጠላውም፤ መንገድ ላይ ተይዞ ቀርቷል። የተደበቁት ሠላሳ ቦታዎችም ይህንኑ ይደግማሉ፤ ምክንያቱም እነሱም ዓሣ ካለቀ በኋላ የተለኩ ናቸው። ሞዴሉ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አልፎ ስህተትን እንደ እውነት ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ አንዱ መጥቶ «ይህ ገባር ለዓሣ አይጠቅምም፤ ካርታው እንዲህ ይላል» ብሎ ሊገድበው ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ የበለጠ ፈጣን ኮምፒውተር መግዛት ሳይሆን፣ ቀድሞ ዓሣ የነበረበትን ቦታ የሚያስታውሱ ሰዎችን መጠየቅና የእነሱን ምስክርነት ከልኬቱ ጎን ማስቀመጥ ነው። በዕድሜ የገፉ የጉማራ ዳር ሰዎች በዚህ ረገድ የትኛውም መሣሪያ የማይተካው መረጃ አላቸው። ቶሎ ካልተጠየቁ ከነሱ ጋር ያልፋል።

ሌላው ችግር መንገድ ነው። የርብ ወንዝ ላይ ከ70 ሜትር በላይ ቁመት ያለው ግድብ ተሠርቷል፤ ከሥሩም ለመስኖ ውኃ የሚቀለብስ ግንብ አለ። ከግድቡ በላይ ያለውን ወንዝ ለኮምፒውተር ብትሰጡት ጥልቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ ጠጠሩን አይቶ ጥሩ ነጥብ ሊሰጠው ይችላል። ከጣና የመጣ ዓሣ ግን እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ቦታውን ብቻ የሚቆጥር ሞዴል ሳይሆን፣ ከሐይቁ እስከዚያ ቦታ ድረስ መንገዱ ክፍት መሆኑን የሚጠይቅ ሞዴል ነው የሚያስፈልገን። መስኖው ለፎገራ ገበሬ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ሩዙና ሽንኩርቱ የብዙ ቤት እንጀራ ነው። ሒሳቡ ግን ግንባታው ከመጀመሩ በፊት መሠራት አለበት። ያኔ ዓሣ መውጫ ደረጃ የት እንደሚደረግ፣ በነሐሴ ስንት ውኃ እንደሚለቀቅ መወሰን ይቻላል። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ የሚሠራ ሞዴል ጉዳቱን ከመቁጠር በቀር የሚፈይደው ጥቂት ነው።

በተጨማሪም የሌላ አገር ዓሣ ነጥብ ተውሶ ለኛ ዓሣ መስጠት አይገባም። አውሮፓና አሜሪካ ለትራውት የተዘጋጀ ነጥብ ሞልቷል። ትራውት ከውጭ መጥቶ ወደ ባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች የገባ ዓሣ ነው። የጉማራው ነጭ ዓሣ በክረምት ድፍርስ ጎርፍ ውስጥ የሚጓዝ፣ የዝናቡን ወቅት ጠብቆ የሚራባ ሌላ ፍጥረት ነው። የሱን ምርጫ ማወቅ የሚቻለው እሱን ራሱን በማየት ነው።

በሕግ በኩል ደግሞ አገሪቱ በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አውጥታለች፤ ቁጥር 315/1995 ነው። አዋጁ በመርዝ ዓሣ መያዝን ይከለክላል። ይሁንና «በመራቢያ ቦታ አታስግሩ» የሚል ደንብ ሲወጣ «መራቢያ ቦታው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ጥሩ ሞዴል ለዚህ ጥያቄ በካርታ መልስ ይሰጣል። ከዚህ ወንዝ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር፣ በነዚህ ሳምንታት ይዘጋ ብሎ መናገር ያስችላል። ለአስጋሪውም ቢሆን ክረምቱን ሙሉ ሐይቁ ከሚዘጋበት፣ ጥቂት ቦታ ለጥቂት ሳምንት ቢዘጋበት ይሻለዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ዝግጅቱን ከመጨረሴ በፊት ለጋሸናና ለአካባቢዋ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበባት አንድ ሥራ ልስጥ። ኮምፒውተር አያስፈልጋችሁም። በአቅራቢያችሁ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ጅረት ምረጡ። ወደ ውኃው የምትገቡት ጎርፉ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ብቻ ነው፤ ያውም ከመምህር ጋር። ክረምት ላይ ማንም ልጅ ወንዝ እንዳይገባ አደራ።

አንድ ቀጥ ያለ በትር ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ፤ ጥልቀት የምትለኩበት እሱ ነው። ለፍጥነት በወንዙ ዳር 10 ሜትር ለኩና ሁለት ድንጋይ አቁሙ። ከላይኛው ድንጋይ ትይዩ አንድ ቁራጭ እንጨት ጣሉ፤ ታችኛው ድንጋይ ጋ እስኪደርስ ሰከንድ ቁጠሩ። 20 ሰከንድ ከፈጀ ላይኛው ውኃ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ከሥር ያለው ውኃ ከላይኛው ስለሚዘገይ ውጤቱን በ0.85 አባዙት፤ 0.43 ገደማ ይሆናል። ከዚያ እጃችሁን አውርዳችሁ ሥሩን ዳስሱ፤ ጭቃ ነው፣ አሸዋ ነው፣ ጠጠር ነው፣ ትልልቅ ድንጋይ ነው? ጠጠር ከሆነ አንዱን አንሡና ከሥሩ ጭቃ ተጣብቆበት እንደሆነ እዩ። ድንጋይ ላይ በአገጯ የምትጣበቅ ትንሽ ጥቁር ዓሣ ካያችሁ እሷንም ጻፉ፤ ፈጥኖ በሚወርድ ውኃ ከሚኖረው፣ ጋራ ከሚባለው የዓሣ ወገን ልትሆን ትችላለች።

ከክረምቱ ወራት በቀር በየወሩ በተመሳሳይ ቦታ ለኩ። ቀኑን፣ ጥልቀቱን፣ ፍጥነቱን፣ ሥሩን፣ ያያችሁትን ዓሣ በአንድ ደብተር አስፍሩ። በእርከንና በችግኝ የተከለለ ተራራ ሥር ያለ ጅረትና ያልተከለለ ተራራ ሥር ያለ ጅረት ካላችሁ ሁለቱንም ለኩ፤ የጠጠሩን ልዩነት በራሳችሁ እጅ ትዳስሱታላችሁ። አንድ ዓመት ከሞላ በኋላ ደብተሩን ለወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ወይም ባሕር ዳር ላለው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ማሳየት ትችላላችሁ። ዓሣ ያላያችሁበትንም ቀን ባዶ አትተዉት፤ «ፈለግን፣ አላገኘንም» ብላችሁ ጻፉ። አጠገቡም በዚያ ሳምንት መረብ የጣለ ወይም ብርብራ የበተነ ሰው እንደነበረ ጠይቃችሁ መዝግቡ።